ለቀባሪው የመጣ መርዶ፦ የካናዳ ነባር ሕዝቦችና ወጣቶቻቸው በዜና ገጽ

ኖቬምበር 15 ቀን 1907 በኦታዋ የሚታተም አንድ የምሽት ጋዜጣ ለነባር ሕዝቦች ልጆች የተቋቋሙት አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሳንባ ነቀርሳ መዛመቻ መሆናቸውን በጉልህ አርእስት አወጣ። የወሬው ምንጭ ተቃዋሚ ወይም ሐሜተኛ አልነበረም፤ የመንግሥቱ የራሱ ሐኪም ዶክተር ፒተር ብራይስ ነበሩ። ብራይስ በምዕራቡ የካናዳ ክፍል 35 ትምህርት ቤቶችን ጎብኝተዋል። ለመጠይቃቸው መልስ በሰጡት 15 ትምህርት ቤቶች ካለፉት ልጆች 24 በመቶው መሞታቸውንም መዝግበው ነበር። ዜናው ታተመ፣ ተነበበ፣ አለፈ። ትምህርት ቤቶቹ ግን አላለፉም፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሜይ 2021 በካምሉፕስ ከተማ፣ በአንድ የቀድሞ አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ፣ መቃብር ሊሆኑ የሚችሉ ቦታዎች በራዳር መለየታቸው ሲነገር የዓለም መገናኛ ብዙኃን ነገሩን እንደ አዲስ ግኝት ጻፉት። ልጆቻቸው ሳይመለሱላቸው የቀሩት ቤተሰቦች ግን ይህንኑ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያወሩት ኖረዋል። ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ይኸው ነው።

መገናኛ ብዙኃን ነባር ሕዝቦችንና ወጣቶቻቸውን እንዴት ቢያቀርቡ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው እንደ ዝምታ ችግር ነው፤ አልተነገረምና ይነገር ይባላል። የመዝገቡ ምስክርነት ሌላ ነው። ነገሩ ተነግሯል፣ ደጋግሞም ተነግሯል። የጠፋው አስታዋሽ ነው። የቃል ምርጫም ሆነ የመልካም ዜና ማነስ የራሱ ድርሻ አለው። የጉድለቱ ሥር ግን ሬሳ በማይነሳበት፣ መንገድ በማይዘጋበት ቀን ጭምር በቦታው ቆይቶ ትናንት የተባለውን ዛሬ የሚጠይቅ ዘጋቢ አለመኖሩ ነው። ይህ ዳሰሳ ክርክሮቹን የሚመዝነው ከዚህ አቋም ተነስቶ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው። የካናዳ ሕገ መንግሥት የሚያውቃቸው ነባር ሕዝቦች ሦስት ናቸው፤ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑይትና ሜቲ። በ2021 ቆጠራ 1.8 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከአገሪቱ ሕዝብ 5 በመቶ ሆነው ተመዝግበዋል። አማካይ ዕድሜያቸው 33.6 ሲሆን የሌላው ሕዝብ 41.8 ነው። ስለዚህ ስለ እነርሱ መዘገብ ማለት በአብዛኛው ስለ ወጣት መዘገብ ማለት ነው። «ነባር» የሚለው የአማርኛ ቃል በእኛ አገር የክልልና የባለቤትነት ክርክር ውስጥ የራሱን ሸክም ይዟልና አንባቢ ያንን ትርጉም እዚህ እንዳያስገባው። እዚህ የሚናገረው የአውሮፓ ሰፋሪ መንግሥት ከመምጣቱ በፊት ስለነበሩ፣ ከዚያም በሰፋሪው ሕግ ስለተገዙ ሕዝቦች ነው።

ታትሞ የሚረሳ

ብራይስ ከሥራቸው ከተገለሉ በኋላ በ1922 ጉዳዩን በራሳቸው ስም በመጽሐፍ አሳተሙት። እሱም አለፈ። በኦክቶበር 1966 ከኬኖራ አዳሪ ትምህርት ቤት ያመለጠ የ12 ዓመት ልጅ፣ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ቤቱ የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ሲሄድ በብርድ ሞተ። በፌብሩዋሪ 1967 ማክሊንስ መጽሔት ስለ አሟሟቱ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ በጊዜው ከነበረው ሁሉ የተሻለና በሐዘኔታ የተጻፈ ነበር፤ ሆኖም ልጁን «ቻርሊ» ይለዋል። ቻርሊ መምህራኑ የሰጡት ስም ነው፤ ቤተሰቡ የሚጠራው ቻኒ ዌንጃክ ብሎ ነበር። አገሩ በሰፊው በትክክለኛ ስሙ የጠራው ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2016 አንድ ታዋቂ ዘፋኝ ታሪኩን ሲያነሳው ነው። አንድ ዘጋቢ እናቱ ዘንድ ተመልሶ ቢሄድ ኖሮ ስሙን ለማረም ግማሽ ምዕተ ዓመት ባልፈጀ።

1990 ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ የፌዴራሉ መንግሥት በጀት ለነባር ሕዝቦች ጋዜጦች ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ሰረዘ፤ ብዙዎቹም ተዘጉ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በጁላይ፣ በኬቤክ ክፍለ ሀገር በካነሳታኬ የሞሃውክ ሕዝብና የኦካ ከተማ በመቃብር ሥፍራና በጎልፍ ሜዳ ምክንያት ተጋጩ፤ ጦር ገባ፣ ፍጥጫውም 78 ቀን ቆየ። ከዚያ ክረምት የቀረው ምስል አንድ ወጣት ወታደርና ፊቱን የሸፈነ አንድ ታጣቂ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጥጠው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ነው። ፊቱን የሸፈነውን ጋዜጦች ሌላ ሰው ነው ብለው ጻፉ፤ እሱ ግን ብራድ ላሮክ የተባለ፣ ከሳስካችዋን የመጣ የአኒሺናቤ ሕዝብ ተወላጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ክርክሩን ከሥሩ የሚያውቁት ጋዜጦች በተዘጉበት ዓመት፣ የአንድ ተማሪ ጭምብል የአንድ ሕዝብ ፊት ሆኖ ቀረ።

ሦስት መልሶች

ችግሩ ምንድን ነው ሲባል በሰፊው የሚሰጡት መልሶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ስለ መጠን ነው። ጆርናሊስትስ ፎር ሂውማን ራይትስ የተባለው ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት በኦንታሪዮ መገናኛ ብዙኃን ስለ ነባር ሕዝቦች የተሠራው ዘገባ ከጠቅላላው አንድ በመቶ እንኳ እንደማይሞላ አሳይቷል። ክሪስተን ጊልክሪስት በ2010 ባሳተመችው ጥናት ደግሞ በጠፉ ወይም በተገደሉ ሦስት ነባር ሴቶችና ሦስት ነጭ ሴቶች ላይ የወጡትን የጋዜጣ ዘገባዎች አነጻጽራለች፤ ነባሮቹ ያገኙት ሽፋን ሦስት ተኩል እጥፍ ያነሰ፣ ጽሑፎቹም ያጠሩ ነበሩ። መጠኑ ግን ብቻውን አይበቃም። ያው የ2013ቱ ጥናት እንዳገኘው ተቃውሞ ሲበረታና ሽፋኑ ሲጨምር የአሉታዊ ዘገባው ድርሻም አብሮ ይጨምራል። ብዙ መታየት በደንብ መታየት አይደለም።

ሁለተኛው ስለ ምስል ነው። የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ንጉሣዊ ኮሚሽን በ1996 ባቀረበው ሪፖርቱ ካናዳዊው አንባቢ የሚያውቃቸው ወይ የተፈጥሮ ጠባቂ፣ ወይ ቁጡ ተዋጊ፣ ወይ የሚያሳዝኑ ተበዳዮች አድርጎ መሆኑን ጽፏል። የአኒሺናቤው ጋዜጠኛ ደንከን ማኩ ይህንኑ ከአንድ አዛውንት በሰማው ቀልድ መሰል ደንብ አሳጥሮ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ያስተምር ነበር፤ ነባር ሰው ዜና የሚሆነው ከበሮ ሲመታ፣ ሲጨፍር፣ ሲሰክር ወይም ሲሞት ነው። ማኩ ራሱ አምስተኛ ጨመረበት፤ ተዋጊ ሲሆን። ከዚህ ምርመራ የሚመነጨው መድኃኒት የአጻጻፍ መመሪያ፣ የጋዜጠኞች ሥልጠናና «መልካም ታሪኮችን» መፈለግ ነው። የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ታሪክ የመረመረው እውነትና ዕርቅ አፈላላጊ ኮሚሽንም በ2015 ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች አንዱ፣ ቁጥር 86፣ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች የነባር ሕዝቦችን ታሪክ ግዴታ አድርገው እንዲያስተምሩ ይጠይቃል። ከመመሪያዎቹ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት «ነባር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምር የሚለው ነው፤ ትልቅና ትንሽ በሌለው በእኛ ፊደል ይህ ክርክር ከነጭራሹ ባልተነሳ ነበር። መመሪያው ይጠቅማል። ነገር ግን መመሪያ የሚገዛው የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ያልተጻፈውን፣ ያልተሄደበትን አይገዛም። «መልካም ታሪክም» ከበሮውንና ጭፈራውን በሌላ ልብስ መልሶ ሊያመጣ ይችላል።

ሦስተኛው መልስ ስለ ባለቤትነት ነው፤ ካሜራውን የያዘው ማን ነው፣ ምን ዜና እንደሆነ የሚወስነውስ? የዚህ ጽሑፍ አቋም ወደዚህ ያደላል። ምክንያቱ ግን የደም ዝምድና ሳይሆን መቆየት ነው፤ የሚቆየው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚኖርበት ነው።

ወጣቱ እንደ ሬሳ፣ ወጣቱ እንደ ተአምር

የወጣቶቹ ጉዳይ ከሌላው የሚለየው የሚታዩባቸው በሮች ሁለት ብቻ በመሆናቸው ነው። አንደኛው ሞት ነው። በኦገስት 2014 የ15 ዓመቷ ቲና ፎንቴን አስከሬን በዊኒፔግ ከሬድ ሪቨር ወንዝ ወጣ፤ በ2018 ተከሳሹ ችሎት ሲቀርብ በደሟ ውስጥ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ መገኘቱ አርእስት ሆነ። ምስክርነቱ በችሎት የተሰጠ እውነት ነበር። በአርእስት ሲወጣ ግን ለፍርድ የቀረበችው እሷ መሰለች። ሁለተኛው በር ተአምር ነው። የአታዋፒስካቷ ሻነን ኩስታቺን በመንደሯ የነበረው ትምህርት ቤት በፈሰሰ ናፍጣ ተበክሎ ከተዘጋ በኋላ ዘመቻ የጀመረችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ በ2010 በመኪና አደጋ ሞተች፣ በ2012 ፓርላማው በስሟ የቀረበውን ሐሳብ በአንድ ድምፅ አጸደቀ፣ በ2014 ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ጀግና ተባለች፤ ይገባታልም። ሆኖም ጀግና አድርጎ መሳል አንድ ጥያቄ ያስቀራል፤ ትምህርት ቤት ለማግኘት ልጅ ጀግና መሆን ለምን አስፈለጋት? በበጀት፣ በቤት፣ በውሃ ጉዳይ ላይ ተራ የዜና ምንጭ ሆኖ የሚጠየቅ ነባር ወጣት ከሁለቱም በሮች ውጭ ቆሞ ይቀራል።

ከ2000 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከሰሜን ኦንታሪዮ መንደሮቻቸው ወደ ተንደር ቤይ ከተማ የመጡ ሰባት ተማሪዎች ሞቱ፤ በየመንደራቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም። በ2011 የቶሮንቶ ስታር ጋዜጣ ዘጋቢዋ ታንያ ታላጋ ወደዚያ የሄደችው ነባር ሕዝቦች በምርጫ ለምን አይሳተፉም የሚል ዘገባ ልትሠራ ነበር። የአካባቢው ፈርስት ኔሽንስ ኅብረት የኒሽናቤ አስኪ ታላቁ አለቃ ስታን ቢርዲ ግን ስለ ምርጫው ስትጠይቃቸው መልሰው ደጋግመው ያነሱባት ስለጠፋው ተማሪ ስለ ጆርዳን ዋባሲ ነበር፤ ለምን ስለ እሱ አትጽፊም? ታላጋ ይዛ የመጣችውን ጥያቄ ጣለች። በየጊዜው ተመለሰች፣ በ2017ም ሰባቱን ልጆች የሚዘክር መጽሐፍ አሳተመች። በመካከሉ የአሟሟት ምርመራው ችሎት በጁን 2016 145 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። ከዚያ በኋላ ምክረ ሐሳቦቹ መፈጸማቸውን እየተከታተለ ለየተቋሙ ነጥብ ይሰጥ የነበረው የነባር ሕዝቦች የሕግ አገልግሎት ድርጅት እንጂ የዜና ክፍል አልነበረም። ሥራው በባሕርዩ የጋዜጠኛ ሥራ ነው።

ስለ ራስ ማጥፋት የሚሠራው ዘገባ ለብቻው መታየት አለበት። በኤፕሪል 2016 አታዋፒስካት በአንድ ቀን 11 ሙከራዎች ከተመዘገቡ በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስታውጅ ጋዜጠኞች ጎረፉ፤ ከዚያም «የነባር ወጣቶች ወረርሽኝ» የሚለው አነጋገር ተለመደ። ማይክል ቻንድለርና ክሪስቶፈር ላሎንድ ግን በ1998 ባሳተሙት ጥናት ከ1987 እስከ 1992 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከሚገኙ ወደ 200 የሚጠጉ ማኅበረሰቦች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት አንድም ወጣት ራሱን እንዳላጠፋ አሳይተዋል። መከራው በጥቂቶቹ ተከማችቶ ነበር። ትምህርት ቤታቸውን፣ ጤና ጣቢያቸውንና መሬታቸውን ራሳቸው በሚያስተዳድሩት ደግሞ ቁጥሩ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ የሚያሳየው ተዛምዶን ነው፤ ምክንያትና ውጤትን አረጋግጧል ማለት አይቻልም። ለዘገባ ያለው ትርጉም ግን ግልጽ ነው። «ነባር ወጣት» ብሎ አማካይ መጥራት ከሐዘኑም በላይ ስሕተት ነው፤ ሞት ያልገባበትን መንደር ሄዶ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለምና።

ድንጋጤ ይሠራል የሚለው ሙግት

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ ይህ ነው፦ አስደንጋጭ ዘገባ ባይኖር መንግሥት አይነቃነቅም። ተቃውሞው ማስረጃ አለው። በጃንዋሪ 1993 በላብራዶር የዴቪስ ኢንሌት መንደር ስድስት የኢኑ (ከፈርስት ኔሽንስ አንዱ) ልጆች ቤንዚን ሲያሸቱ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን ዞረ፤ መንግሥትም ሕዝቡን ወደ አዲስ መንደር፣ ወደ ናትዋሺሽ ለማዛወር ተስማማ። በአውስትራሊያ በጁላይ 2016 የኤቢሲ ቴሌቪዥን በዶን ዴል የታዳጊዎች ማቆያ ልጆች ሲንገላቱ ያሳየውን ፕሮግራም ባስተላለፈ ማግስት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንጉሣዊ ኮሚሽን እንደሚቋቋም አስታወቁ። ይህን ያየ አዘጋጅ፣ ጨዋነት የሚሉት ልጆቹን የሚያስቀር ቅንጦት ነው ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ማስረጃውን እስከ መጨረሻው መከተል ያስፈልጋል። የዴቪስ ኢንሌት መዛወር የተጀመረው በ2002፣ ከቪዲዮው ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ በመካከሉ በ2000 ቤንዚን የሚያሸቱ የኢኑ ልጆች እንደ አዲስ ነገር በቴሌቪዥን ታዩ። የዶን ዴሉ ኮሚሽን በ2017 ማቆያው እንዲዘጋና የወንጀል ተጠያቂነት ዕድሜ ከ10 ወደ 12 እንዲያድግ መከረ፤ ዕድሜው በ2023 ከፍ ተደረገ፣ በ2024 ግን ማቆያው የሚገኝበት ሰሜናዊ ግዛት መልሶ ወደ 10 አወረደው። ድንጋጤ በር ይከፍታል፤ በሩን ከፍቶ የሚይዘው ሌላ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የተሳሳተውን በር ይከፍታል። በ2006 እዚያው አውስትራሊያ በልጆች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት የወጣ የቴሌቪዥን ዘገባ ያስነሳው ማዕበል በ2007 መንግሥት በሰሜናዊ ግዛት ማኅበረሰቦች ላይ የዘር መድልዎ ሕጉን አግዶ ጣልቃ እስከ መግባት አድርሶታል። የዴቪስ ኢንሌቱን ቪዲዮ የቀረጸው የመንደሩ ሰው መሆኑም አይዘንጋ፤ ከውጭ የመጣ ካሜራ ያመጣው ውጤት አልነበረም።

ካምሉፕስና የአንድ ቃል ዋጋ

የካምሉፕሱ ዜና የቃል ምርጫን ክርክር ወደ ሌላ ደረጃ ወሰደው። ሜይ 27 ቀን 2021 የተከምሉፕስ ማኅበረሰብ ያስታወቀው በራዳር 215 ያህል ምልክቶች መታየታቸውን ነው፤ በጁላይ ባለሙያዋ ቁጥሩን ወደ 200 ዝቅ አድርገው ምልክቶቹ ሳይቆፈሩ እንደማይረጋገጡ ገለጹ። አንዳንድ የውጭ መገናኛ ብዙኃን ግን «የጅምላ መቃብር ተገኘ» አሉ። አለቃቸው ሮዛን ካሲሚር የጅምላ መቃብር አይደለም ብለው ቢያርሙም የሄደው ሄዶ ነበር። በአማርኛ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ከቀይ ሽብር በኋላ ከየጉድጓዱ የወጣውን አጽም የሚያስታውስ አንባቢ «የጅምላ መቃብር» ሲባል በአንድ ጊዜ ተገድሎ የተጣለ ሰው ነው የሚታየው፤ በበሽታና በቸልታ ሞተው ምልክት በሌለው መቃብር አንድ በአንድ የተቀበሩ ልጆች ታሪክ ሌላ ነው።

ቃሉ የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ታሪክ ለሚክዱ ካጆች መሣሪያ ሆነ፤ የጅምላ መቃብር ካልተገኘ ሁሉም ነገር ውሸት ነበር ይሉ ጀመር። ሪድ ገርብራንትና ሾን ካርልተን በ2023 386 የካናዳ ዘገባዎችን መርምረው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ትክክል እንደነበሩ፣ «የጅምላ መቃብር» ያሉት ጥቂቶች እንደሆኑ አሳይተዋል። ይህ ካጆቹን ይመልሳል፤ የቀረው አንድ ሦስተኛ ግን ለሙያው ምቾት የሚሰጥ ቁጥር አይደለም። መለየት የሚገባው የአፈሩ ጥያቄና የሞቱ ጥያቄ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው አልተረጋገጠም። ልጆቹ መሞታቸው ግን ከብራይስ ጀምሮ በሰነድ የተያዘ ነው፤ ብሔራዊው የእውነትና ዕርቅ ማዕከል ከ4,100 በላይ ስሞችን መዝግቧል። በ1907 የታተመውን የሚያስታውስ የዜና ክፍል የራዳሩን ምልክት የታሪኩ ማስረጃ ሁሉ አድርጎ ባላቀረበው፣ ምልክቱ ሲጠረጠርም ታሪኩ ባልተጠረጠረ ነበር።

የማን ጣቢያ?

በ1970ዎቹ ሳተላይት ቴሌቪዥንን ወደ አርክቲክ ሲያደርስ የኢግሉሊክ ኢኑይቶች በ1975ና በ1979 ድምፅ ሰጥተው አንፈልግም አሉ፤ በቋንቋቸው በኢኑክቲቱት የሚናገር ነገር አልነበረውም። የተቀበሉት የኢኑይት ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በ1982 ሥርጭት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ መንገድ የመጣው ኤፒቲኤን ሴፕቴምበር 1 ቀን 1999 በዓለም የመጀመሪያው አገር አቀፍ የነባር ሕዝቦች ቴሌቪዥን ሆኖ ተከፈተ። ያቆመውም ልግስና ሳይሆን ደንብ ነው፤ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ጣቢያው በየቤቱ እንዲደርስና እያንዳንዱ የኬብል ደንበኛ በወር 15 ሳንቲም እንዲከፍልለት አስገደደ፤ ክፍያው በ2018 35 ሳንቲም ደርሷል።

የባለቤትነት መልስም ተቃውሞ አለበት። አንዱ የራስን ወገን የሚዘግብ ገለልተኛ አይሆንም የሚለው ነው። ይህ ደካማ ነው፤ ስለ ኦታዋ የሚዘግበውን የኦታዋ ልጅ ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቀውም። ከበድ ያለው ሌላኛው ነው። በትንሽ ማኅበረሰብ አለቃውም፣ ምክር ቤቱም፣ የማስታወቂያው ገንዘብም ከአንድ ቤት ሲሆን የራስን አመራር የሚመረምር ዘጋቢ ከየት ይመጣል? በኒውዚላንድ ይኸው ጥርጣሬ በሌላ መልክ ታይቷል። ትልቁ የዜና ኩባንያ ስተፍ በኖቬምበር 2020 በራሱ መዝገብ ላይ ምርመራ አድርጎ የአገሩን ነባር ሕዝብ ማኦሪዎችን ላቀረበበት መንገድ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይህ እስካሁን ከታዩት ሁሉ ለማስታወስ የቀረበ እርምጃ ነው። በተከታዩ ዓመት መንግሥት 55 ሚሊዮን ዶላር ለጋዜጠኝነት ሲመድብ ግን ማኦሪዎች ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር የተዋዋሉትን የዋይታንጊን ውል መርሆች የማክበር ግዴታ ስላስገባበት ብዙዎች ሚዲያውን ገዛው አሉ። ክሱ ትክክል ባይሆን እንኳ የአንባቢን እምነት ጎድቷል፤ ድጎማ የሚፈልገው ሁሉ ሊሸሸው የማይችለው ዋጋ ነው። ባለቤትነት ዘገባውን በተለካ መጠን እንደሚያሻሽል የሚያረጋግጥ ጥናትም ከሽፋን ቆጠራው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ መቆየትን መለካት አርእስት እንደ መቁጠር አይቀልምና።

ደንቡ ራሱም መሬቱ እየከዳው ነው። የኤፒቲኤን ገቢ የተሰፈረው በኬብል ደንበኛ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል። በ2023 ካናዳ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ለዜና እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ ስታወጣ ሜታ ከኦገስት ጀምሮ ዜናን ከፌስቡክና ከኢንስታግራም ዘጋ፤ ፌስቡክ እንደ መንደር አደባባይ በሚያገለግልባቸው ራቅ ያሉ ማኅበረሰቦች የነባር ሕዝቦች አነስተኛ የዜና ተቋማት ወጣት አንባቢያቸውን የሚያገኙበት መንገድ ተቋረጠ። የኢግሉሊክ ሰዎች ቴሌቪዥኑን በድምፅ ብልጫ ማስቀረት ችለው ነበር። የዛሬው ስልክ ለድምፅ አይቀርብም፤ ልጆቹ ስለ ራሳቸው የሚነገረውን የሚያዩትም በእሱ ላይ ነው፣ ዜና በሌለበት ገጽ።